ከሻምፒዮኗ እጅ ይልቅ እግሯን ማየት ስጀምር

ስኳሽ፣ ማለትም በአራት ግድግዳ መሃል ሁለት ሰው ኳስን በራኬት ግድግዳ ላይ እየተፈራረቀ የሚመታበትን ስፖርት፣ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። ረፍዷል፤ አውቃለሁ። ጉልበቴ ከሁሉም ቀድሞ ነግሮኛል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አርፍዳችሁ ለጀመራችሁ ነው። ልጃችሁን፣ በተለይ ሴት ልጃችሁን፣ ወደዚህ ስፖርት ላስገባችሁም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። እኔ በአንድ ስህተት ሁለት ዓመት አባክኛለሁ። ከዚያ ስህተት ያወጣኝ የአንዲት ሻምፒዮን፣ የኒኮል ዴቪድ፣ ታሪክ ባይሆን ኖሮ ራኬቴን ሸጬ ዋና ጀምሬ ነበር።

ስህተቴ ይህ ነው። ማታ ማታ የትልልቅ ተጫዋቾችን ግጥሚያ በቪዲዮ አያለሁ። በማግስቱ ያየሁትን ምት ልሞክር ሜዳ እሄዳለሁ። የፊቱን ግድግዳ ሳም አድርጋ እዚያው የምትሞት ድሮፕ አለች። የጎን ግድግዳ መትታ ወደ ተቃራኒው ጥግ የምትታጠፍ ቦስት አለች። ከአሥር ሙከራ አንዷ ትሳካልኛለች። ያቺ አንዷ ታዲያ ሰው ታሰክራለች! ዘጠኙን አስረስታ፣ «ተጫዋች ሆንሽ እኮ» እያለች ቤት ድረስ ትሸኘኛለች።

ከዚያ አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተጣመርኩ። 58 ዓመታቸው ነው። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ትንሽ ቦርጭም አላቸው። ገና ስንሰላለም አዘንኩላቸው። ቀስ ብዬ ልጫወት፣ እንዳላደክማቸው ብዬ አሰብኩ። ሦስቱንም ጌም ሲያሸንፉኝ ቲሸርታቸው ደረቅ ነበር። የእኔ ይጨመቃል። አንድም የሚያምር ምት አልመቱም። ሜዳው መሃል ቆመው ኳሷን ወደ ኋላ ጥግ ይልካሉ። እኔ እሮጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ዞር ስል እሳቸው እዚያው መሃል ናቸው።

ስንጨርስ «ጋሼ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ኳስ ታሳድጃለሽ» አሉኝ። «ኳሷን መትተሽ ታያታለሽ። አትያት። መትተሽ ነይ። ቤትሽ እዚህ ነው።» በራኬታቸው ጫፍ ወለሉ ላይ ያለውን ቀይ መስመር ነካ ነካ አደረጉት።

ለማታውቁት፣ የስኳሽ ሜዳ ርዝመቱ 9.75 ሜትር፣ ስፋቱ 6.4 ሜትር ነው። ወለሉ ላይ ሁለት መስመሮች ተገናኝተው የላቲኑን ቲ ፊደል ይሠራሉ። የእኛ «ተ» ጭንቅላቷ ቢቆረጥ የምትሆነውን ማለት ነው። ስሙም ቲ ነው። ከዚያ ቦታ አራቱም ጥግ እኩል ባይሆንም በጥቂት እርምጃ ይደረሳል። ቲን የያዘ ይራመዳል፣ ያልያዘ ይሮጣል። ይህን ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል፣ እኔም ተነግሮኝ ነበር። መስማትና በ58 ዓመት ሰው መሸነፍ ግን ለየቅል ናቸው።

ጋሼ በዚያው ቀን አንድ ስም ጠሩልኝ። «ኒኮል ዴቪድን አይተሻል?» ስሟን ሰምቻለሁ፣ ጨዋታዋን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቱ ያሳፍራል፤ የእሷ ቪዲዮ ስር እንደ ሌሎቹ «ተአምረኛ ምቶች» የሚል ርዕስ አይበዛም። «እጇን አትይ። እግሯን እይ» አሉኝ።

ሄጄ አየሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ አየሁ። ከዚያ ታሪኳን ማንበብ ጀመርኩ፣ ይባስ ብሎ ያዘኝ።

ኒኮል ዴቪድ የማሌዥያ ልጅ ናት። የተወለደችው በፔናንግ፣ በ1983 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ራኬት የያዘችው በአምስት ዓመቷ፣ እህቶቿን ተከትላ ነው። በ15 ዓመቷ፣ በ1998፣ ባንኮክ ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደች። በ1999 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2001 ደግማ ወሰደችው፣ ያውም እዚያው ባደገችበት ፔናንግ። ከእሷ በፊት ይህን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሳች ሴት አልነበረችም። በ2000 ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናሉ ዓለም ገብታ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሲነበብ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን ሌላ ነው። በ2002 የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ ላይ ተሸነፈች። አራት ዓመት ቀደም ብሎ በልጅነቷ ያሸነፈችውን ውድድር፣ አድጋ ተሸነፈችው። ከዚያ በኋላ ራኬቱን አስቀምጣ ለተወሰነ ጊዜ ከስኳሽ ራቀች። የ19 ዓመት ልጅ ናት እንግዲህ። አገር ሙሉ የሚያያት፣ የሚጠብቃት።

ስትመለስ ቦታ ቀየረች። በ2003 ወደ አምስተርዳም ሄዳ ከአውስትራሊያዊቷ የቀድሞ ተጫዋች ሊዝ ኧርቪንግ ጋር መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናዋን ያሸነፈችው በ2005፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን ቆም ላድርጋችሁ። ከ1999 እስከ 2005 ስንት ዓመት ነው? ስድስት። በዕድሜ እኩዮቿ መካከል ከዓለም አንደኛ የነበረች ልጅ፣ ከትልልቆቹ አንደኛ ለመሆን ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። በመሃል ዕረፍት አለ፣ አሰልጣኝ መቀየር አለ፣ አገር መቀየር አለ። እኔ በምጫወትበት ቦታ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። የዕድሜዋን ልጆች እንደ ጉድ ነው የምትረታው። 14 ሞልታ ከትልልቆቹ ጋር ስትገባ በተከታታይ ተሸነፈች። አባቷ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ «ምን ነካሽ? አምና እንዲህ አልነበርሽም እኮ!» ይላታል። ልጅቷ በየነጥቡ መሃል ወደ አባቷ ትዞራለች። ከኳሷ ይልቅ የአባቷን ፊት ነበር የምትከታተለው። በዓመቱ ተወችው። አባቷን ልኮንነው አይደለም፣ የሚያወጣው ጊዜና ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ብቻ በልጅነት ማሸነፍና በአዋቂነት ማሸነፍ መሃል ረጅም ጨለማ እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም። ያኔ የኒኮልን ታሪክ አውቄ ቢሆን እነግረው ነበር።

ልጅ ካላችሁ ከእኔ የምትወስዱት ይህን ነው። በነጥቦች መሃል ልጅቷ ወደ እናንተ እንድትዞር የሚያደርግ ነገር አታድርጉ። ፊታችሁን መቆጣጠር ካቃታችሁ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ።

ወደ ኒኮል ልመለስ። በጥር 2006 የዓለም ቁጥር 1 ሆነች፣ ከእስያ ሴቶች የመጀመሪያዋ። ደረጃውን ለአጭር ጊዜ አጣችው፣ በነሐሴ ወር 2006 መለሰችው። ከዚያ እስከ 2015 መስከረም አካባቢ ድረስ ማንም አልወሰደባትም። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። ስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2005፣ በ2006፣ ከ2008 እስከ 2012 በተከታታይ፣ ከዚያ በ2014። ብሪቲሽ ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር ደግሞ አምስት ጊዜ ወስዳለች።

ቁጥሩን ስታዩ የ2007 ጉድጓድ ይታያችኋል? ያን ዓመት ማድሪድ ላይ ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተሸንፋ ወጣች። የዓለም ቁጥር 1 ሆና! እኔ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ክፋት አይምሰላችሁ። ከዚያ ቀጥሎ አምስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለችና ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። በ2008 የሴቶቹ ውድድር የነጥብ አቆጣጠሩን ቀየረ። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው (ኳሷን ያስጀመረው) ብቻ ነበር፣ ጌሙም በ9 ያልቃል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ምልልስ ነጥብ ነው፣ ጌሙም በ11 ያልቃል (10 እኩል ከሆነ አንዱ በሁለት ነጥብ እስኪበልጥ ይቀጥላል)። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። በድሮው ሕግ ትንፋሽ ያለው ሰው ተጋጣሚውን እያደከመ ቀስ ብሎ መመለስ ይችላል። በአዲሱ ግን ትንሽ ከዘነጋችሁ ጌሙ አልቋል። የኒኮል ጉልበቷ ደግሞ ፍጥነትና ትንፋሽ ነበር። ያም ሆኖ የአምስቱ ዓመት ድሏ የጀመረው ሕጉ በተቀየረበት በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ወደ እግሯ።

የተመለከትኩት በተለይ የ2014ን ፍጻሜ ነው። ካይሮ ላይ ነው፣ ተጋጣሚዋ ግብጻዊቷ ራኒም ኤል ወሊሊ፣ ተመልካቹም የራኒም። ራኒም ደግሞ እጅ የሚሏት ናት። እኔ ድሮ ቁጭ ብዬ ልቀዳ የምሞክረው የእሷን ዓይነት ምት ነበር። ራኒም በጌም 2 ለ 1 ትመራለች፤ ሦስት ጌም ቀድማ የወሰደች ታሸንፋለች። በአራተኛው ጌም 10 ለ 6 ሆነ። ራኒም አንድ ነጥብ ካገኘች የዓለም ሻምፒዮን ናት። አራት ዕድል አላት። ኒኮል ያን ጌም 14 ለ 12 አሸነፈች። አምስተኛውን 11 ለ 5።

መጀመሪያ ሳየው አፌን ከፍቼ ኳሷን ተከተልኩ። ሁለተኛ ሳየው ኳሷን ትቼ ኒኮልን ብቻ ለማየት ሞከርኩ። ሞክሩት፣ ከምታስቡት በላይ ይከብዳል፤ ዓይን በራሱ ኳሷን ይከተላል። ስክሪኑ ላይ ራኒም ያለችበትን በእጄ እየሸፈንኩ ነው የቻልኩት። ከቤት ሰው «ምን ሆነች?» ብለው ያዩኝ ነበር።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ስትመታ የመጨረሻው እንቅስቃሴዋ ምቱ አይደለም። እጇ ምቱን ሳይጨርስ እግሯ መመለስ ጀምሯል። ወደ ቲ ስትመለስ ጀርባዋን ለተጋጣሚዋ አትሰጥም፣ ዓይኗ ኋላ ጥግ ላይ ነው። ተጋጣሚዋ ልትመታ ስትል ትንሽ ዝላይ አለች፣ ሁለቱም እግር ወለሉን የሚለቅበት፣ ብን የምትል። ያቺ ዝላይ ናት ወደ የትኛውም ጥግ የምታስነሳት። ከዚያ ረጅም እርምጃዎች፣ ጥቂት። ሩጫ አይመስልም። በነጥቦች መሃል ደግሞ ፊቷ ላይ 10 ለ 6 መመራት አይነበብም። ያው ፊት ነው።

ጋሼ የነገሩኝ ነገር ያኔ ገባኝ። እኔ ለሁለት ዓመት ስቀዳ የነበረው ምቱን ነው። ምቱ ግን ከጠቅላላው ጊዜ ስንቷ ናት? ዓይን ሲርገበገብ ያህል። የቀረው ሁሉ መመለስ፣ መጠበቅ፣ መነሳት ነው። ያንን ክፍል አንድም ቀን ተለማምጄው አላውቅም ነበር።

እንዴት ይለማመዱታል? ያለ ኳስ። ጎስቲንግ ይሉታል፣ የመንፈስ ጨዋታ እንደ ማለት ነው። ባዶ ሜዳ ገብታችሁ ቲ ላይ ትቆማላችሁ። ኳስ እንዳለ አድርጋችሁ ወደ አንዱ ጥግ ትሄዳላችሁ፣ ራኬቱን ትወዘውዛላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ። ከውጭ የሚያያችሁ ሰው ዝንብ የምታባርሩ ይመስለዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሲመጣ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ቁጭ እል ነበር።

የጀመርኩት 30 ሰከንድ ሠርቼ 30 ሰከንድ በማረፍ ነው፣ ስምንት ጊዜ። ሲነገር ምንም አይደለም። በአምስተኛው ላይ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደረሰ። በሳምንት ሦስት ቀን አደረግኩት። አንድ ምክር ብቻ፤ ፍጥነት አትፈልጉ። ቀስ ብላችሁ፣ ግን በትክክል ተመለሱ። እያንዳንዷ ጉዞ ቲ ላይ ካላለቀች አትቁጠሯት። እኔ መጀመሪያ ለመፍጠን ስል መሃል መንገድ ላይ እየዞርኩ ነበር የምሄደው፣ ይኸው ያ ልማድ ሜዳ ላይ ተከትሎኝ መጣ። ለማስተካከል ሌላ ወር ፈጀብኝ።

የተጎዳሁትም እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰውነቴን ሳላሟሙቅ፣ ወደ ፊት ጥግ ስዘረጋ ባቴ ጠቅ አለ። ሰው ከኋላ በድንጋይ የመታኝ መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ማንም የለም። ስድስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ባለሙያ «ሁለት ቀን አርፈሽ ቀጥይ» ብሎኝ ነበር፣ ሰምቼው ቀጠልኩ፣ ባሰብኝ። ሁለተኛዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቆጣ ብላ አስቆመችኝና ቀስ በቀስ ማጠንከሪያ ሰጠችኝ፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ዝቅ ከፍ ማድረግ። ከሠላሳ በላይ ከሆናችሁ ጎስቲንግ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለአንድ ወር አድርጉት። ስትዘረጉም ተረከዛችሁ ይቅደም፣ ጉልበታችሁ ወደ እግራችሁ ጣት አቅጣጫ ይይ፣ ወደ ውስጥ አይታጠፍ።

ያ ስድስት ሳምንት መራራ ነበር። የኒኮልን የ2002 ዕረፍት ደግሜ ደግሜ ያሰብኩት ያኔ ነው። እኔ ማን ነኝና ከእሷ ጋር ራሴን የማወዳድረው፣ ይገባኛል። ግን ሰው ቤቱ ተኝቶ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ምን ያስባል? ከዚያ ዕረፍት ስትመለስ ምን እንደቀየረች አየሁ። በዕረፍቱ ማግስት ይበልጥ ለመልፋት አልቸኮለችም። አሰልጣኝና ቦታ ቀየረች፤ የዕለት ሥራዋ ሌላ መልክ ያዘ። እኔም ስመለስ ሳምንቴን ከለስኩት። ድሮ አራት ቀን ግጥሚያ ብቻ እጫወት ነበር። አሁን አንድ ቀን ግጥሚያ፣ አንድ ቀን ብቻዬን ከግድግዳው ጋር፣ ሁለት ቀን አጭር ጎስቲንግ። ግጥሚያ ስቀንስ መሻሻሌ ገርሞኛል።

ብቻዬን ስሠራ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ቆሜ ኳሷን በግራው ግድግዳ አጠገብ ቀጥ አድርጌ እመታለሁ፣ ተመልሳ ኋላ ጥግ እንድትወድቅ። ድራይቭ ይባላል። ሃምሳ ጊዜ። ይሰለቻል? በጣም። ግን ኋላ ጥግ የደረሰች ኳስ ወደ ቲ ለመመለስ ጊዜ ትሰጣችኋለች። አጭር የቀረች ኳስ ደግሞ ምንም ብትፈጥኑ ትገድላችኋለች። እግሬ ብቻውን እንደማያድነኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ስለ ኳሷ ካነሳሁ አይቀር፣ ጀማሪዎች፣ ሁለት ቢጫ ነጥብ ያለባትን ኳስ ተዉአት! ፕሮፌሽናሎቹ የሚጫወቱባት እሷ ናት፣ ስለዚህ ሁሉም እሷን ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ። ያቺ ኳስ ካልሞቀች አትነጥርም፣ ለማሞቅ ደግሞ ጠንካራና ተከታታይ ምት ትፈልጋለች። ጀማሪ ያን አይችልም። ውጤቱ ሁለት ሰው የሞተ ኳስ ሲለቅም መዋል ነው። ሰማያዊ ወይም ቀይ ነጥብ ያላትን ያዙ፣ ትነጥራለች፣ ለእግራችሁ ጊዜ ትሰጣለች። ሲሻሻል አንድ ቢጫ፣ ከዚያ ሁለት።

የዓይን መከላከያም አድርጉ። ኳሷ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ብላ ትገባለች፣ ክፋቷም እሱ ነው። የቴኒስ ኳስ ቢሆን አጥንቱ ይይዘዋል። ፕሮፌሽናሎቹ አያደርጉም ብላችሁ አትከራከሩኝ። እነሱ ተጋጣሚያቸው የት እንደምትመታ ያውቃሉ፣ የእናንተዋ ራሷም አታውቅም።

አሁን የማልወደው ክፍል። የኒኮል መጨረሻ።

2014 ለእሷ እንግዳ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ያለፈው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ተላልፎ ፔናንግ ላይ ተካሄደ፣ በአገሯ ሰው ፊት። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ያን የካይሮውን በሰው አገር አሸነፈች። ከዚያ በኋላ የዓለም ሻምፒዮና አላሸነፈችም። በ2015 የወንዶቹና የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበራት ከተዋሃዱ በኋላ የሴቶቹ ቲን ዝቅ አለ። ቲን ማለት (ወለሉ ላይ ካለው ቲ ጋር አታምታቱት) ከፊት ግድግዳ ሥር ያለው፣ ኳስ ሲነካው ቋ ብሎ ነጥብ የሚያስጠፋው ቆርቆሮ ነው። ከ48 ወደ 43 ሴንቲ ሜትር ወረደ። አምስት ሴንቲ ሜትር ምን አላት? ብዙ አላት። ድሮፕ የሚመቱ እጀ ቀናዎች አዲስ ቦታ ተከፈተላቸው። ኳስ ለሚመልሱ እግረ ፈጣኖች ደግሞ የሚሸፍኑት ሜዳ ወደ ፊት ረዘመ። እሷም 32 ዓመት ሆኗት ነበር። ቁጥር 1ነቷን የወሰደችባት ያቺው ራኒም ናት። ለውድቀቷ ቲኑ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ዕድሜው ይመስለኛል፣ ደግሞም ከግብፅ የመጣው ትውልድ። ኑር ኤል ሸርቢኒን ብቻ ብንወስድ፣ በ2025 ስምንተኛ የዓለም ዋንጫዋን አንስታ የኒኮልን ቁጥር ደርሳበታለች።

የሚገርመኝ ግን ኒኮል ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ገደማ መጫወቷ ነው። ከአንደኛ ወርዶ፣ ድሮ በቀላሉ የምታሸንፋቸው እየረቷት፣ ሻንጣ ይዞ ከአገር አገር መዞር። በ2018 በእስያ ጨዋታዎች አምስተኛውን የነጠላ ወርቋን ወሰደች፣ ከመጀመሪያው 20 ዓመት በኋላ። በ2019 መጀመሪያ ላይ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ እንደምታቆም አስታወቀች፣ ሰኔ ላይ አቆመች። 81 የፕሮፌሽናል ዋንጫ ይዛ።

ያላገኘችው አንድ ነገር ኦሊምፒክ ነው። ስኳሽ በኦሊምፒክ ውስጥ አልነበረም። እሷ ራሷ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ደክማለች፣ የዓለም ዋንጫዎቿን በአንድ የኦሊምፒክ ወርቅ እንደምትለውጥ በአደባባይ ተናግራለች። በ2013 ስኳሽ ለ2020ው ተወዳድሮ በትግል ተሸነፈ። ተቀባይነት ያገኘው በ2023 ነው፣ ለ2028ቱ ሎስ አንጀለስ። እሷ ካቆመች ከአራት ዓመት በኋላ። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል፣ ዘመዴ እንደሆነች ሁሉ። እሷ ግን አሁን በአገሯ ልጆችን ስኳሽና እንግሊዝኛ የሚያስተምር ድርጅት አቋቁማ እየሠራች ነው።

ልጃችሁ በዚህ ስፖርት ትቀጥል ከሆነ ታዲያ፣ የ2028 ነገር ብዙ በር ይከፍታል፣ ጥያቄ የለውም። ግን አሥር ዓመት ያልሞላትን ልጅ በኦሊምፒክ ስም አታስጨንቋት። ገና ከትልልቆቹ ጋር የምትሸነፍባቸው ዓመታት አሉባት።

እኔስ? ከባቴ ከተሻለኝ ዓመት አልፎኛል። ድሮፑን እምብዛም አልመታውም። ቪዲዮም አሁን የማየው ድምፁን አጥፍቼ፣ አንዷን ተጫዋች ብቻ መርጬ ነው። አሥር ምልልስ አይቼ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይኔ ወደ ኳሷ ይመለሳል።

ከጋሼ ጋር ባለፈው ሳምንት ተጫወትን። እስከ አምስተኛው ጌም ደረስን። 9 እኩል ሆነን፣ ኋላ ጥግ የመጣችልኝን ኳስ ቀጥ አድርጌ መለስኩ፣ ቲ ላይም ቀድሜያቸው ደረስኩ። በጣም ደስ ስላለኝ ኳሷን ረሳኋት። ፊት ጥግ ላይ ቀስ ብለው ጣሏት። 11 ለ 9 አሸነፉኝ።

ቲሸርታቸው ግን ርሶ ነበር። «ፎጣ አለሽ?» አሉኝ።